መንገዱን ልዝጋው?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ዕድሜዬ 34 ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ ፋርማሲ እሠራለሁ። ያደግኩት ግን ከከተማው ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። አባቴ ካቻምና ግንቦት ውስጥ ካረፈ ወዲህ እናቴ እዚያው ብቻዋን ትኖራለች። መሬታችን ስድስት ቀርጥ ነው፤ አንዱ ቀርጥ ሩብ ሄክታር ያህል ነው። አባቴ ጤፍና ቦሎቄ ብቻ ይዘራበት ነበር። እኔ ካጠራቀምኩት ላይ ብድር ጨምሬ የውኃ ፓምፕ ገዛሁና ሁለቱን ቀርጥ ሽንኩርት፣ አንዱን ፓፓያ አደረግኩት። የቀረው እንደ ድሮው ነው።

ችግሬ ሰው ነው። ወደ ቦኖ የሚሄዱ ሴቶች አህያቸውን እየነዱ በማሳችን መሀል ይመላለሳሉ። ተማሪዎች ያቋርጡታል። ጤፉ ታጭዶ ሲነሣ የሰፈሩ ከብት ሳይጠየቅ ይገባና ሽንኩርቱን ሳይቀር ይረጋግጠዋል። ኅዳር ላይ አባቴ ጠብቆ ያሳደጋቸውን ሁለት ግራሮች ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው በሌሊት ቆርጦ ወሰዳቸው፤ ለከሰል መሆኑ ነው። ጥር ውስጥ ደግሞ የደረሰ ሽንኩርት አራት መደብ ያህል ተነቅሎ አደረ። በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤታችንም አባቴ ከሞተ ወዲህ ሲያርስ ትንሽ ትንሽ ወደ እኛ እየገፋ ነው ትላለች እናቴ፤ እሱ እንኳን ያን ያህል አይደለም።

ስለዚህ አንድ የዘመድ ልጅ ዘበኛ አድርጌ ቀጠርኩ። ‹‹ማንም እንዳያልፍ›› አልኩት። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የ11 ዓመት ልጅ አራት ጀሪካን የጫነ አህያ ነድቶ ሲያልፍ ያዘው። ልጁን በአለንጋ ሁለት ጊዜ ገርፎ አባረረው፤ አህያውን ግቢያችን አስሮ አሳደረው። በሁለተኛው ሌሊት እናቴ ተነሥታ አህያውን ፈትታ ለቀቀችው። አራቱ ቢጫ ጀሪካኖች ግን እስከ ዛሬ እኛ ቤት ናቸው። እኔ ይህን የሰማሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ዙሪያውን እሾህ ሽቦ አጥሪው፣ ለዘበኛውም መሣሪያ ይፈለግለት›› ይላል። እናቴ አኩርፋኛለች። ስደውልላት ‹‹ልጄ፣ እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ›› ትልና ስልኩን ትዘጋዋለች። የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከዋል፤ የሚመጣው እሑድ ይሰበሰባሉ። ልቀበላቸው ወይስ ቀድሜ ፖሊስ ጋ ልሂድ? መንገዱንስ በሽቦ ልዝጋው? ለፍቼ ያፈራሁት ላይ ሰው እንዳሻው ሲረማመድበት ማየት አልቻልኩም። ደክሞኛል።

ግራ የገባት፣ ከአዳማ

እህቴ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው፣ አልደብቅሽም፣ ልጁ ጋ ስደርስ ተቆጣሁ። በሁለተኛው ዓይኔ ያረፈው መጨረሻ ላይ ባስቀመጥሻት ‹‹ደክሞኛል›› ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት ስታድል ቆማ የምትውል፣ የዕረፍት ቀኗን በሚኒባስና በአቧራ የምታሳልፍ፣ ደርሳ ደግሞ አራት መደብ ሽንኩርት ተነቅሎ የሚጠብቃት ሴት ታየችኝ። ሌሊት የተነቀለ መደብ የሚያናድደው በሽንኩርቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው አንቺ በሌለሽበት ቁጭ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ እየመረጠ እንደ ነቀለ ስለሚያሳይሽ ነው። በሦስተኛው ንባብ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር አስቆመችኝ። እሷን ቆይቼ አነሣታለሁ።

አሁን ከልጁ እንጀምር፤ እሑድ ቅርብ ነው። ያ ልጅ ሽንኩርት አልነቀለም፣ ግራር አልቆረጠም። ውኃ ጭኖ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አለንጋውን ያነሣው ዘበኛው ቢሆንም ‹‹ማንም እንዳያልፍ›› ያልሽው አንቺ ነሽ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ‹‹እኔ አልነበርኩም፣ ከአራት ቀን በኋላ ነው የሰማሁት›› የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ሽማግሌ ፊት እንደማይበቃ ቀድመሽ እንድታውቂው ነው። ሕግ ፊትም አይበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1148 ይዞታውን በጉልበት ሊነጥቁት የመጡበት ሰው እዚያው በዚያው እንዲከላከል ይፈቅዳል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ኃይል እንዳይጠቀም ግን ያስጠነቅቀዋል። በአንድ ሕፃን ላይ አለንጋ የሚያስነሣ ሁኔታ የለም። ቀድመሽ ፖሊስ ጋ ብትሄጂ መጀመሪያ ‹‹ማን ማንን መታ?›› ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የማን ስም እንደሚሆን እስቲ አስቢው።

ስለዚህ እሑድን አትጠብቂ። ቅዳሜ ሂጂ። ዘበኛውን ይዘሽ፣ ሽማግሌ ሳይገባ፣ የልጁ እናት ደጅ ቁሚ። ጀሪካኖቹን ይዘሽላት ሂጂ፤ ደግሞ ባዷቸውን አይደለም። ጎረቤት ምግብ የላከችበትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር እንደሆነ እናትሽ ሳታስተምርሽ አልቀረችም። አራቱንም ቦኖው ጋ ተሰልፈሽ ሙያቸው። እያንዳንዱ 20 ሊትር ቢይዝ አህያው የሚሸከመው 80 ሊትር ነው፤ አንዱን ብቻ ከመሬት አንሥተሽ ስትጭኚ ሴቶቹ ለምን አቋራጭ እንደሚፈልጉ ወገብሽ ይነግርሻል። ልጁ ሐኪም ዘንድ ተወስዶ ከሆነ ያወጡትን ጠይቀሽ ክፈዪ። ቡናና ስኳር መያዝ ጥሩ ነው። ከይቅርታሽ ኋላ ግን ‹‹እናንተም እኮ…›› የምትል ጭራ አትቀጥዪበት። ሽንኩርቱም ግራሩም እዚያ ደጅ ላይ አይነሡ። የልጁን ስም ጠይቂ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ስሙን ታውቂዋለሽ?

አሁን ወደዚያች ዐረፍተ ነገር። ስለ ሴቶቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሌቦቹ በዝርዝር ጽፈሽልኝ ስታበቂ በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤት ‹‹ትንሽ ትንሽ እየገፋ ነው›› ብለሽ፣ ‹‹እሱ እንኳን ያን ያህል አይደለም›› ብለሽ አለፍሽው። እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። በማሳሽ የሚያልፍ ሰው ዱካውን ጥሎ ይሄዳል፤ ዝናብ ሲመጣ ዱካው ይጠፋል። ድንበር የሚገፋ ሰው ግን አይሄድም።

እንዴት እንደሚደረግ ያደግሽበት ነውና ታውቂዋለሽ፣ ምናልባት ትኩር ብለሽ አላየሽው ይሆናል እንጂ። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ማንም የማያርሳት የሣር መስመር አለች፤ እዚህም እዚያም የወሰን ድንጋይ ተቀምጦባታል። ሰውየው በሬዎቹን ጠምዶ ዳር ዳሩን ሲመጣ ዕርፉን በጥቂቱ ዘንበል ያደርግና ማረሻው ከሣሯ ላይ አንዲት ትልም ገምሶ ወደ እሱ በኩል ይወስዳታል። ብታዪው እንኳ ‹‹በሬው ሳተ›› ይልሻል። በሚቀጥለው እርሻ ሌላ ትልም ይጨምራል። ድንጋዩ መሬቱ ሲላላ በራሱ ይዘነበላል፤ አንድ ቀን ደግሞ ‹‹ለማረስ አስቸገረኝ›› ተብሎ ዳር ላይ ይወረወራል። አንዲት ትልም ብትሰፋ አንድ ስንዝር ናት። የድንበሩ ርዝመት 150 ሜትር ቢሆን ግን በአንድ ስንዝር የሄደብሽ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ውስጥ በስንት ብር እንደሚከራይ የምታውቂው አንድ ሰፊ ክፍል ቤት ማለት ነው። ያውም በአንድ ክረምት።

ይህ ሁሉ የጀመረው አባትሽ ካረፉ በኋላ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ባል የሞተባት ሴት መሬት ይፈተናል፤ ይህን በየገጠሩ አይተነዋል። ወንድምሽ የጠቀሰው ተረት እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። የተሳሳተው ተረቱን ሳይሆን የተነቀነቀውን አጥር ነው። ጀሪካን የጫኑት ሴቶች ባለቤቱን አልናቁም፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳሉም በዚያው ያልፉ ነበር፣ አይደል? አጥሩን እየነቀነቀ ያለው በጠዋት ‹‹አካም ቡልተን›› ብሎ እናትሽን ሰላም የሚላቸው ጎረቤት ነው።

እዚህ ጋ ደግሞ ጊዜ አለብሽ። ይዞታው የተነካበት ሰው ‹‹ሁከት ይወገድልኝ›› ብሎ የሚከስበትን መብት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1149 ይሰጣል፤ ክሱ ግን ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። አባትሽ ያረፉት ካቻምና ግንቦት ነው። ጎረቤትሽ የመጀመሪያዋን ትልም የገመሰው በዚያው ሰኔ ከሆነ ሁለት ዓመቱ በመጪው ሰኔ ይሞላል። አሁን የካቲት ነው። ቀኑ ካለፈ መከራከሪያሽ ሁሉ አበቃ ማለት አይደለም፤ ደብተርሽን ይዘሽ መሟገት ትችያለሽ፤ ግን አጭሩ በር ተዘግቶ ረጅሙ ይጠብቅሻል። ለሽቦው ያሰብሽው ገንዘብና ጉልበት አስቀድሞ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ደብተር ስል ትዝ አለኝ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የት ነው ያለው? በእጅሽ ይዘሽ ካየሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ? መሬቱ ሲመዘገብ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ሰፍሮ መውሰዳቸው የተለመደ ነው። እንዲያ ከሆነ ከአባትሽ ፎቶ ጎን የእናትሽም አለ። የቀድሞው ዓይነት ደብተር ከሆነ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኗችሁ ሰዎች ስም ተጽፎበታል፤ በኋላ በተሠራው ልኬታ ካርታ የወጣለት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምሻል። ፈልጊው፤ በሞባይልሽ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺው፤ ከዚያ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አባትሽ ካረፉ በኋላ የውርሱ ጉዳይ መዝገብ ላይ መግባት አለመግባቱን ጠይቂ። አልገባ ከሆነ ጎረቤትሽም ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

ደብተሩ ሌላም ነገር ያነሣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ገበሬው ያለው ያለመነቀል የይዞታ መብት ነው። ፓምፑና የተከልሽው ፓፓያ ያንቺ ልፋት ነው፤ ይህን ማንም አይክድሽም። የመሬቱ ባለይዞታ ግን፣ ደብተሩ ላይ ስማቸው ካለ፣ ሌሊት ተነሥተው አህያ የፈቱት ሴት ናቸው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ሽቦው አንድም ጊዜ ‹‹እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?›› ብለሽ ጠይቀሻቸዋል? ከደብዳቤሽ አላገኘሁትም። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ።

መንገዱን ልዝጋው ወይ ላልሽው፣ የኔ መልስ አትዝጊው ነው፤ ግን አሁን እንዳለም አትተዪው። በማሳ መሀል ሰያፍ የሚያቋርጥ መንገድ በየዓመቱ ይሰፋል፤ አንዱ ጭቃውን ሸሽቶ ወደ ጎን ይወጣል፣ ሌላው እሱን ይከተላል፣ በመጨረሻ አንድ መደብ የነበረው ቦታ እንደ ወፍጮ ቤት ደጅ ይደነድናል። ስለዚህ መንገዱ አንድ ይሁን፣ ዳር ይያዝ፣ ልኩ ይታወቅ። ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች ሳይጋጩ የሚተላለፉበት ስፋት ይበቃል። በየትኛው ዳር ይሁን የሚለውን ከሴቶቹ ጋር ሆነሽ በእግር ሄደሽ ወስኚ። አንቺ ብቻሽን መርጠሽ ብታሳዪአቸው ‹‹እሺ›› ይሉሽና በነጋታው በድሮው ይሄዳሉ፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ዳሩን ለማጠር ሽቦ አያስፈልግሽም። አካባቢያችሁን የሚያውቅ ሰው የሚነግርሽ ቅንጭብ ነው። ቁርጥራጩን ክረምት ሲገባ ብትተክዪው ይይዛል፤ ከብት አይበላውም፤ ውኃም አይለምንሽም። ወተቱ ግን ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳልና ስትቆርጡት ልጆች አይቅረቡ፣ እጅሽንም ሸፍኚ። እስኪያድግ ድረስ የግራር እሾህ ጣል ጣል ማድረግ ነው። ከተቆረጡት ግራሮች ቅርንጫፉ ሳይቀርላችሁ አልቀረም፤ ሌባ የሚወስደው ግንዱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እነዚያ ሴቶች ቤታቸውን ጥለው የሚወጡት ጎህ ሳይቀድ ነው። ግራሮቹ የተቆረጡ ሌሊት በማሳሽ አጠገብ የማን ጋሪ እንደ ቆመ ካንቺ ዘበኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ ብዬ እወራረዳለሁ። ማንም ያልነገረሽ ማንንም ስላልጠየቅሽ ነው፤ ከአለንጋው በኋላ ደግሞ ብትጠይቂም አይነግሩሽም። ሰው የማያልፍበት መሬት ሌባ የሚወደው መሬት ነው።

የከብቱ ነገር ከዚህ ይለያል፤ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። እህል ከተነሣ በኋላ የሰፈሩ ከብት በየማሳው መግባቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ግጦሹን ይወስዳል፣ እበቱን ይተዋል፣ ማንም አይጎዳም። ልማዱ የተሠራው ግን ከታኅሣሥ እስከ ክረምት ባዶውን ለሚከርም ማሳ ነው። አንቺ በበጋ አረንጓዴ የሆነ ማሳ ይዘሽ መጣሽ። የተለወጥሽው አንቺ ነሽ፤ ለውጡን ለጎረቤት መንገርም የዚያኑ ያህል ያንቺ ፋንታ ነው። የጤፉን ሦስት ቀርጥ አጨዳው ካለቀ በኋላ ክፍት አድርጊላቸው፤ የሚዘጋበትንም ቀን ቁረጡ። ሽንኩርትና ፓፓያው ያለበት ሦስት ቀርጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው በዪ፤ እሱንም አስቀድመሽ በእሾህ ለዪው። ከዚያ በኋላ የገባ ከብት ጥፋት ሲያደርስ ባለቤቱ ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያን ጊዜ እንስሳውን አስረሽ አታሳድሪ። የተረገጠውን ሳታነሺ ፎቶ አንሺው፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውንና ሁለት ሽማግሌዎችን ጠርተሽ ጉዳቱን አስገምቺ። አንድ ጊዜ በወጉ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ከብቱን አይለቅም።

ፖሊስ የሚያስፈልገው ለግራሩና ለሽንኩርቱ ነው። እሱ ስርቆት ነው፤ መሸምገል የለበትም። ቀኑን፣ የመደቡን ብዛትና ግምቱን ጽፈሽ አመልክቺ፤ ለቀበሌው ሚሊሻም አሳውቂ። ከዚህ በፊት አላመለከትሽ ከሆነ አሁንም አልረፈደም። ለመሣሪያው ወንድምሽን አትስሚው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ፈቃዱ ቢገኝም እንኳ፣ በአለንጋ ራሱን ያልገዛ ጎረምሳ ክላሽ ቢይዝ ምን እንደሚሆን ሳስብ ደብዳቤሽን አጣጥፌ ማስቀመጥ ነው የሚያምረኝ። ለዘበኛው ፊሽካ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪና ሒሳብ ያለው ስልክ ስጪው። ሥራው ሰው መያዝ ሳይሆን አይቶ መጥራት እንደሆነ በግልጽ ንገሪው፤ እናትሽ ባሉበት ንገሪው። ደመወዙንስ በየወሩ በጊዜው ትከፍዪዋለሽ? ይህን የምጠይቅሽ ደመወዙ የዘገየበት ዘበኛ ሽንኩርት ሲነቀል ሌላ ዓይን ስለሚኖረው ነው። ሌባ ማለቴ አይደለም። ብቻ ጠይቂ።

ወደ እሑድ ልመለስ። ሽማግሌዎቹን ተቀበያቸው፤ ያውም ዛፍ ሥር ወንበር አዘጋጅተሽ፣ ቡና አፍልተሽ። ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌው፣ የሚመጣው አንቺን ሊፈርድብሽ ብቻ እንደሆነ አድርገሽ አትዪው። በኦሮሚያ የገጠር መሬት ክርክር መጀመሪያ ለቀበሌው ቀርቦ ሁለቱ ወገኖች በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ዘንድ እንዲታይ፣ ካልተስማሙ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲሄድ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅ ራሱ ደንግጓል። ዛሬ የልጁን ጉዳይ የሚያዩልሽ ሽማግሌዎች ነገ የድንበሩን ጉዳይ የምታስይዣቸው ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ጥፋትሽን አስጨርሺ። ካሳ ቢሉሽ ተከራክረሽ አታስቀንሺ፤ ቀጥሎ የምትጠይቂው ነገር አለና። ከዚያ መንገዱን አንሺ፤ ዳር ላይ እንደምትሰጪ ስትነግሪያቸው ስብሰባው ፊቱን ሲፈታ ታያለሽ።

ድንበሩን ግን በዚያ ቀን በስም አትክሰሺ። ጎረቤቱም እዚያው ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ በሰው ፊት ‹‹ሌባ›› ያልሽው ሰው ወደኋላ መመለሻ ስለሚያጣ ይከራከርሻል እንጂ አይመልስልሽም። እንዲህ በዪ፦ ‹‹አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ወሰኑን ለይታ ማወቅ አልቻለችም። መሬቱ ሲለካ የነበራችሁ አባቶች በሚመቻችሁ ቀን መጥታችሁ ድንጋዩን ብታሳዩን።›› በቃ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨምሪ። ሽማግሌዎቹ ሞኞች አይደሉም፤ ምን እንደጠየቅሽ ይገባቸዋል፤ ጎረቤትሽም ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ሰው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ማረሻውን ይመልሳል። ካልመለሰ በሳምንቱ ለቀበሌው በጽሑፍ አመልክቺ፤ ያመለከትሽበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ ያዢ፤ ክሱ ሰኔ ሳይገባ ለወረዳው ፍርድ ቤት እንዲደርስ ቀን ቁጠሪ። እሑድ የተስማማችሁበትም ነገር ሁሉ፣ መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ከብቱ እስከ መቼ እንደሚገባ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ መፈረም የማይችሉት አሻራቸውን ያሳርፉ። ‹‹በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?›› የሚል አይጠፋም። ‹‹እኔ አዳማ ስለምኖር እንዳልረሳው ነው›› በዪው።

ስለ እናትሽ ኩርፊያ ያለኝ ስሜት ካንቺ ይለያል። ‹‹እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ›› ማለታቸውን እንደ ወቀሳ ነው የሰማሽው። እኔ ግን እንደ ፍርሃት ሰማሁት። አንቺ እሑድ ማታ ሚኒባስ ይዘሽ ስትመለሺ ሰኞ ጠዋት ከልጁ እናት ጋር ቦኖ ላይ ፊት ለፊት የሚገናኙት እሳቸው ናቸው። ሌሊት ቢያማቸው መጀመሪያ የሚደርስላቸው ጎረቤት በማሳው የሚያልፈው ሰው ነው፤ አንቺ ስልክ ተደውሎልሽ መኪና እስክታገኚ ይነጋል። ደግሞ፣ ይህ ግምቴ ነው፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ በየጠዋቱ የሰው ድምፅ የሚሰሙት ሴቶቹ አህያ እየነዱ ሲያልፉ ብቻ ይሆናል። አህያውን በሌሊት ሊፈቱ ሲወጡ ምን እያሰቡ እንደነበር ጠይቂያቸው። በስልክ ሳይሆን በአካል።

ለዚህም ነው ቅዳሜ ሂጂ ያልኩሽ። ቅዳሜ ማታ እዚያው እደሪ። ጎህ ሳይቀድ ሴቶቹ ሲወጡ አብረሻቸው ተነሺና መንገዱን እስከ ቦኖው ድረስ በእግርሽ ሂጂው፤ ስትመለሺ በምሥራቁ ድንበር በኩል ዞረሽ ድንጋዮቹን ቁጠሪ። ስንቱ እንደ ቆመ፣ ስንቱ እንደ ተጋደመ ጻፊልኝ፤ መልስ እሰጥሻለሁ። ዘበኛውን አታባርሪው፤ ልጅ ነው፣ ይማራል። አለንጋውን ግን ተቀብለሽው፣ ስትመለሺ ይዘሽው ወደ አዳማ ነይ።